ድምፅና ትልቁ ፊደል፦ ለትናንሽ ልጆች የትኛው የማስተማሪያ መንገድ ይሻላል?

አንዲት የ4 ዓመት ልጅ የኤቢሲዲን መዝሙር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትሳሳት ታወርደው ነበር። መዝሙሩን ስትጨርስ ኤም፣ ኤስ እና ቲ የተባሉትን ሦስት የፕላስቲክ ፊደላት ፊቷ ደርድሬ፣ «ማር ስንል መጀመሪያ የምንሰማው ድምፅ የየትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ፊደላቱን አየች፤ እኔን አየች፤ ከዚያ መዝሙሩን እንደገና ከ«ኤ» ጀመረችው። ልጅቷ ፈጣን ናት። የጠየቅኋት ግን ማንም ያላስተማራትን ነገር ነበር። የፊደልን ቅርጽ መለየት፣ ስሙን መጥራትና ድምፁን ማወቅ ሦስት የተለያዩ እውቀቶች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ይዞ አይመጣም።

እዚህ የማነጻጽረው ቤቱ አማርኛ የሚናገር፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ የእንግሊዝኛን ተነባቢ ድምፆች ከትልልቆቹ ፊደላት፣ በተለምዶ ካፒታል ከምንላቸው ጋር እንዲያዛምድ የምንረዳባቸውን መንገዶች ነው። ከ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት 5ቱን አናባቢዎች ስናወጣ 21 ይቀራሉ። ዋይ አንዳንዴ አናባቢ ይሆናል፤ በቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጣ ግን ተነባቢ ስለሆነ ከ21ዱ ጋር ቆጥሬዋለሁ። መንገዶቹ እኩል አይደሉም፤ የቱን እንደምመርጥና ለምን እንደሆነ በየቦታው እናገራለሁ።

መጀመሪያ የሚፈተሸው ጆሮ ነው

የትኛውም ካርድ ወይም አፕ ከመገዛቱ በፊት ፊደል የሌለበት አንድ ፍተሻ ያድርጉ። ለልጁ ሦስት ቃላት ይጥሩለት፦ «ማር፣ በር፣ መኪና»። በአንድ ድምፅ የሚጀምሩት ሁለቱ የትኞቹ እንደሆኑ ይጠይቁት። «ማርና መኪና» ካለ ጆሮው ዝግጁ ነው። «ማርና በር» ካለ የቃሉን መጨረሻ እየሰማ ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ድምፅ ማዳመጥ ጀምሯል ማለት ነው። «በርና መኪና፣ መኪናም በር አለው» ካለ ግን የሚያስበው ስለ ነገሩ ነው፤ ቃል ከድምፅ የተሠራ መሆኑ ገና አልተገለጠለትም።

ለዚህ ለሦስተኛው ልጅ ከታች የምዘረዝራቸው አማራጮች ሁሉ ዋጋቸው አንድ ነው፦ ምንም። በጆሮው ያልያዘውን ድምፅ ከምን ጋር ያዛምደዋል? ፊደሉን ለጊዜው ያቆዩትና በቃል ጨዋታ ይጀምሩ። ልጁን ሲያጥቡት «ስስስ… በዚህ ድምፅ የሚጀምር ነገር እዚህ አለ» ይበሉት፤ ሳሙናውን ይፈልግ። መንገድ ላይ «ምምም… ምን አየሁ?» ይበሉት። በቀን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ቁም ነገሩ በየቀኑ መሆኑ ላይ ነው። ፍተሻውን በሌላ ቃላት ደጋግመው ሲያደርጉት ልጁ ሳያመነታ ከመለሰ ፊደሉ ይምጣ።

ስሙን እናስቀድም ወይስ ድምፁን?

ከሁሉ ምርጫ የሚከብደው ይህ ነው፤ ወላጆችና አስተማሪዎችም የሚለያዩበት እዚህ ላይ ነው። ስም ይቅደም የሚሉት፣ ልጁ ስለ ፊደሉ ሊናገርበት የሚችል መጠሪያ ያገኛል፣ ትምህርት ቤትም የሚጠየቀው ስሙን ነው ይላሉ። ድምፅ ይቅደም የሚሉት ደግሞ ማንበብ የሚቻለው በድምፅ እንጂ በስም አይደለም ይላሉ። ሁለቱም ያልተሳሳቱት ነገር አለ፤ ልዩነቱን የሚፈታው ግን 21ዱን ፊደላት በጅምላ ማየት ትቶ ስማቸውን አንድ በአንድ መመርመር ነው።

ስማቸው በራሳቸው ድምፅ የሚጀምር 8 ፊደላት አሉ፦ ቢ፣ ዲ፣ ጄ፣ ኬ፣ ፒ፣ ቲ፣ ቪ፣ ዜድ። እነዚህ የዋህ ናቸው። ልጁ «ቢ» ብሎ ስሙን ሲጠራ ድምፁ ከፊት ቆሞ ይጠብቀዋል። ለእነዚህ ስምና ድምፅን አብሮ ማስተማር ምንም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ስሙ ድምፁን ለማስታወስ ይረዳል።

ሌሎች 7ቱ ድምፃቸውን ከስማቸው ጭራ ላይ ይዘዋል፦ ኤፍ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ኤክስ። እዚህ ላይ ልጆች ይደናገራሉ፤ የስሙን መጀመሪያ ስለሚሰሙ ኤምም ኤንም ኤስም ሁሉም «ኤ» የሚሉ ይመስላቸዋል። መፍትሔው ስሙን ሲጠሩ ጭራውን ማስረዘም ነው፦ «ኤምምምም»። ልጁ የሚረዝመውን እንዲይዝ ይንገሩት።

የቀሩት 6ቱ አስቸጋሪዎች ናቸው። የኤች፣ የደብሊዩና የዋይ ስም ትክክለኛውን ድምፅ ጨርሶ አይዝም። ኤች ሲባል «ህ» የት አለ? ዋይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ስሙ በ«ው» ስለሚጀምር ልጁ በራሱ አስቦ «ዋይ የውሻ ነው» ይላል። ይህን የሚል ልጅ በትክክል እያሰበ ነው፤ ያሳሳተው ስሙ ነው። ሲ እና ጂ ሁለት ሁለት ድምፅ አላቸው፤ ስማቸው የሚያሰማው «ስ»ንና «ጅ»ን ሲሆን ለጀማሪ መቅደም ያለባቸው ግን «ክ»ና «ግ» ናቸው። ኪው ስሙ በ«ክ» መጀመሩ ደግ ነው፤ በእንግሊዝኛ ቃላት ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ዩ ይከተለውና «ክው» ይላል።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ድምፅን ማስቀደም ነው፤ ስሙን ግን መከልከል አይገባም። ልጁ ከመዝሙርም ከታላላቆቹም ስሙን መስማቱ አይቀርም። «ይህ ቢ ነው፤ ብ ይላል» ማለት ይበቃል፤ ላም «ላም» ተብላ «እምቧ» እንደምትለው ማለት ነው። ልጆች ስምና ድምፅ የተለያዩ መሆናቸውን በዚህ ምሳሌ ቶሎ ይረዱታል። ለስድስቱ አስቸጋሪዎች ግን ድምፁ እስኪረጋ ድረስ እርስዎ ስማቸውን ባይጠሩ ይሻላል።

«በ» ወይስ «ብ»?

ድምፅን እናስቀድም ካልን፣ የትኛውን ድምፅ? እኔ ሥራውን ስጀምር ቢን «በ»፣ ቲን «ተ» እያልኩ አስተምር ነበር። ልጆቹ ማዛመዱን ቻሉ፤ ችግሩ የወጣው ቆይቶ ነው። ቢ፣ ኤ እና ቲ ተደርድረው ሲያዩ «በ-አ-ተ» አሉ፤ «ባት» የሚለው ቃል ከዚያ ውስጥ ሊወጣላቸው አልቻለም። ወራት የፈጀ ልማድ ለማስተካከል እንደገና ወራት ወሰደብን። ያንን ጊዜ የወሰድኩት ከልጆቹ ስለሆነ አሁንም ይቆጨኛል፤ ይህን ክፍል በጥንቃቄ እንዲያነቡልኝ የምፈልገውም ለዚህ ነው።

ስሕተቱ የመጣው ከራሳችን ፊደል ነው። የአማርኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን በአንድ ቅርጽ አዋህዶ ይጽፋል፤ በተለምዶ የሚቆጠሩት 33 መነሻ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እኛ ፊደል ብለን ያደግነው ይህን ስለሆነ ቢን ስናይ የሚታወሰን «በ» ነው። የእንግሊዝኛው ቢ ግን አናባቢ የለውም፤ ራቁቱን ነው።

ደግነቱ፣ መድኃኒቱም ያለው እዚያው ፊደላችን ውስጥ ነው፤ ሳድስ። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ካሉት ሰባቱ ውስጥ ተነባቢውን ብቻውን ሊያሰማ የሚችለው ስድስተኛው ነው፦ ብ፣ ት፣ ም፣ ስ። አማርኛ የሚያነብ ወላጅ ንጹሑን ድምፅ ለራሱ በጽሑፍ ሊይዘው ይችላል። ይህን መጠቀሚያ ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፈዋለን። በየካርዱ ጀርባ ሳድሱን በትንሹ ይጻፉ፦ ለልጁ ሳይሆን ለእርስዎ፣ ለአያትና ለሞግዚት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲጠሩለት።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሳድስን ለብቻው ስንጠራው ከኋላው ቀጭን አናባቢ ሾልካ ትገባለች። ለማራቅ፣ ፊደሉን በቃል መጨረሻ ላይ እንዳለ አድርገው ይጥሩት፦ ብ በ«ልብ» መጨረሻ እንደሚሰማው፣ ት በ«ቤት»፣ ድ በ«ሆድ»፣ ፍ በ«ዛፍ»፣ ም በ«ዓለም»፣ ስ በ«ፈረስ»። ቃሉን ይጥሩና መጨረሻው ላይ ይቁሙ፤ ለልጁ የሚሰጠው ድምፅ ያ ነው። ለ«ፕ»፣ «ት» እና «ክ» ደግሞ ጉሮሮ መንዘር የለበትም፤ በሹክሹክታ ቢሉት ይስተካከላል።

ከየትኛው ፊደል እንጀምር?

በሰፊው የሚሠራበት በኤቢሲዲ ተራ መሄድ ነው። ለአስተማሪ ይመቻል፤ ለልጁ ግን ይህ ተራ ምንም ዓይነት የድምፅ ምክንያት የለውም። ሁለተኛው ተነባቢ ሁለት ድምፅ ያለው ሲ ነው፤ ከማይለጠጡት ቢ፣ ሲ እና ዲ ያስጀምራል፤ ለማዳመጥ ቀላል የሆኑትን ኤምንና ኤስን ወደ ኋላ ይገፋል።

እኔ የምመርጠው በድምፅ ጠባይ መሄድን ነው። ትንፋሽ እስኪያልቅ ሊለጠጡ የሚችሉ ድምፆች አሉ፦ ም፣ ስ፣ ል፣ ፍ፣ ን፣ ዝ፣ ር፣ ቭ። «ምምምማር» ብሎ ድምፁን ለልጁ ጆሮ ማቆየት ይቻላል። ብ፣ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ እና ፕ ግን ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ከሚለጠጡት ሦስት፣ ከማይለጠጡት ሁለት ልውሰድ፦ ኤም፣ ኤስ፣ ኤል፣ ቲ፣ ቢ። እነዚህ አምስቱ በድምፅም በመልክም እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ ዋናው መለኪያም ይህ ነው። ቀጣዮቹን ሲመርጡ የሚደናገሩ ጥንዶችን በአንድ ሳምንት አያምጡ። ኤምና ደብሊዩ አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው፤ ኤንና ዜድ በጎን ሲዞሩ አንድ ናቸው፤ ሲና ጂ፣ ፒና አር በአንድ መስመር ይለያያሉ። ኤምና ኤን በመልክም በድምፅም ይቀራረባሉ። ሲና ኬ ሁለቱም «ክ» ስለሚሉ አንዱን ሌላው ከጸና በኋላ ያምጡ፤ ኬ ይቅደም። ኪውና ኤክስ የመጨረሻዎቹ ይሁኑ።

ሦስተኛው አማራጭ በልጁ ስም መጀመር ነው። የትኛውም ልጅ ስለ ስሙ ግድ አለው፤ ሜሮን ኤምን፣ ሳሙኤል ኤስን ለመያዝ ማንም አይቀድማቸውም። ይሁንና ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉት ድምፁ ይጠበቅ እንደሆነ አስቀድመው ይመልከቱ። ጥሩነሽ በቲ ይጻፋል፤ ድምፁ ግን «ጥ» እንጂ «ት» አይደለም። ቃልኪዳንን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል፤ «ቅ» ከሁለቱም የለም። ሻሎም በኤስ ይጀምራል፤ ድምፁ ግን «ሽ» ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ልጅ ስሙን ያውቀው፣ ይጻፈው፣ ይኩራበት፤ ድምፅ ለማዛመድ ግን የእናቱን ወይም የጓደኛውን ስም ቢያስቀድሙለት ይሻላል።

ስለ ፍጥነትም ልናገር። በሳምንት አንድ ፊደል የሚለው ልማድ 21 ሳምንት ይወስዳል፤ የመጨረሻው ላይ ሲደረስ የመጀመሪያው ተረስቷል። በሳምንት ሦስት ቢያስተዋውቁ በ7 ሳምንት አንድ ዙር ያልቃል፤ ከዚያ ልጁ ያልያዛቸውን ብቻ እየመረጡ ይመለሱባቸዋል። ብዙ ጊዜ አጭር አጭር መመለስ አንድ ጊዜ ረጅም ከመቆየት ይበልጣል። ለ3 ዓመት ልጅ ግን ሦስቱ ሊበዙ ይችላሉ፤ ሁለት ያድርጉት።

የአማርኛ ቃል ወይስ የእንግሊዝኛ?

ፍላሽ ካርዶች በብዛት የሚመጡት በእንግሊዝኛ ቃላት ተሠርተው ነው። ዲ ተጽፎ አጠገቡ ውሻ አለ። ካርዱን የሠራው ሰው «ዶግ» እንዲባል አስቧል፤ አማርኛ የሚያስብ ልጅ ግን ሥዕሉን አይቶ በልቡ የሚለው «ውሻ» ነው። ዲንም ከ«ው» ጋር ያስራል። ይህ ስሕተት ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል፤ አዋቂው ካርዱን ሲያነሣ «ዶግ!» እያለ ቀድሞ ስለሚመልስለት።

ሙሉ በሙሉ በአማርኛ ቃላት መሄድስ? ለብዙዎቹ ድምፆች ያስኬዳል፦ ለኤም ማንኪያ፣ ለኤስ ሳሙና፣ ለኤል ላም፣ ለዜድ ዝሆን፣ ለጄ ጅብ፣ ለደብሊዩ ውሻ። ልጁ በደንብ የሚያውቀውን ቃል ስለሚበትን ጆሮው አይቸገርም። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በ«ፕ» እና በ«ቭ» የሚጀምሩት ቃሎቻችን ከሌላ ቋንቋ የተዋስናቸው ናቸው፤ በ«ይ» የሚጀምር የሚጨበጥ ነገር ማግኘትም ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ የሌሉት ድምፆች ይገባሉ። ጥንቸልን ለቲ፣ ቀጭኔን ለኬ፣ ጸሐይን ለኤስ የሚያደርጉ ሥዕሎች አይቻለሁ። ለልጁ ጆሮ «ት» እና «ጥ»፣ «ክ» እና «ቅ» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው፤ አማርኛው ያስተማረውን ይህን ጥራት እኛ ልናበላሽበት አይገባም።

ከሁለቱ የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በሁለቱም ቋንቋ አንድ የሆኑ ቃላት። ማንጎ፣ ባንክ፣ ታክሲ፣ ፊልም፣ ሬዲዮ፣ ፓርክ፣ ቪዲዮ፣ ጃኬት፣ ሆቴል፣ ዶክተር፣ ነርስ፣ ኪሎ፣ ጋዝ፣ ሳንድዊች፣ ዮጋ። ልጁ በአማርኛም ቢያስብ በእንግሊዝኛ የሚደርስበት ያው ፊደል ነው። ኤክስ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በቃል መሐል ወይም መጨረሻ ስለሆነ «ታክሲ» እና «ቦክስ» ይበቁታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ካሜራ፣ ኮምፒውተርና ኬክ በእንግሊዝኛ የሚጻፉት በሲ ነው፤ ለኬ አይጠቀሙባቸው። ሲኒማም በሲ ስለሚጻፍ የኤስ አይደለም። ሌሎቹን ክፍተቶች ልጁ በቤቱ በሚጠራቸው የአማርኛ ቃላት ይሙሉ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ከዚያ ይከተል።

«ብ»ና «ቭ» ለአማርኛ ጆሮ ይቀላቀላሉ፤ ቪዲዮን «ቢዲዮ» የሚል አዋቂም አለ። ልጁን መስታወት ፊት ያቁሙት፤ ለ«ብ» ሁለቱ ከንፈሮች ይገጥማሉ፣ ለ«ቭ» የላይ ጥርስ የታች ከንፈርን ይነካል። «ፕ»ን ከ«ብ» ለመለየት አንድ ቁራጭ ስስ ወረቀት አፉ ፊት ይያዙለት፤ በ«ፕ» ወረቀቱ ይወዛወዛል፣ በ«ብ» እምብዛም አይነቃነቅም። ልጆች ይህን ጨዋታ ይወዱታል።

ልጁ አፋን ኦሮሞም የሚማር ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በቁቤ ኤክስ «ጥ»፣ ሲ «ጭ»፣ ኪው «ቅ» ይላሉ። አንድ ቅርጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ድምፅ ሊኖረው እንደሚችል ልጆች ይቀበሉታል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜና በአንድ ካርድ ላይ ግን አያምጡባቸው።

ካፒታል ወይስ ስሞል?

ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ አንድ ድምፅ ሁለት መልክ አለው የሚለው ነገር ራሱ ለልጁ አዲስ ነው። ለማዛመድ መጀመሪያ ካፒታልን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ቢ፣ ዲ፣ ፒ እና ኪው ናቸው። በስሞል እነዚህ አራቱ አንድ ክብና አንድ ዘንግ ሆነው የሚለዩት ዘንጉ በሚቆምበት ጎን ብቻ ነው፤ በካፒታል ግን አራት የተለያዩ ቅርጾች ናቸው። አንድን ጽዋ ቢያዞሩት ጽዋነቱን አይለቅም፤ የ4 ዓመት ልጅ ዓለምን የሚያውቀው እንዲህ ስለሆነ በአቅጣጫ ብቻ የሚለይ ነገር ይከብደዋል።

ለስሞል የሚቀርበው መከራከሪያም ጠንካራ ነው። መጻሕፍት ላይ ያለው ጽሑፍ በአብዛኛው ስሞል ነው፤ ካፒታል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ገጹን ሲከፍት ባዳ ይሆናል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት ከከፈተች በኋላ ያዳበረችው ዘዴ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ትናንሽ ፊደላትን ይጠቀማል፤ ልጁ በጣቱ እየተከተላቸው ስማቸውን ሳይሆን ድምፃቸውን ይጠራል። ልጅዎ በዚህ ዘዴ በሚሠራ ትምህርት ቤት ከሆነ ቤት ውስጥ ከካፒታል አይጀምሩበት፤ የትምህርት ቤቱን ይከተሉ።

ለሌላው፦ ወደ 10 የሚጠጉ ካፒታሎችን ከድምፃቸው ጋር ሲይዝ ስሞሉን ማስተዋወቅ ይጀምሩ። ሲ፣ ኤስ፣ ቪ፣ ደብሊዩ፣ ኤክስና ዜድ በትልቅም በትንሽም አንድ መልክ ስላላቸው በር ከፋች ናቸው። አንደኛ ክፍል ሊገባ ጥቂት ወራት የቀሩት ልጅ ግን መጠበቅ የለበትም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ይማር።

ቁሳቁሱ

ካርድ፣ ዕቃ፣ ማግኔት፣ ወርክሺት፣ አፕ፤ ዋጋቸው የተለያየውን ያህል ጥቅማቸው አይለያይም። ቅድሚያ የምሰጠው ለዕቃ ቅርጫት ነው። ሁለት ፊደላትና ስድስት ዕቃዎች ይበቃሉ፦ ሳሙና፣ ሰዓት፣ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ማበጠሪያ፣ መጽሐፍ። ልጁ እያንዳንዱን አንሥቶ ይጠራል፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ያዳምጣል፣ ከኤስ ወይም ከኤም ጎን ያስቀምጣል። ጆሮ፣ አፍና እጅ አብረው ይሠራሉ፤ መሳሳቱን የሚያርመውም ራሱ ነው፤ «ስስማንኪያ» ሲል አፉ ላይ ይሰናከልበታልና።

የሥዕል ካርድ ከመረጡ ሥዕሉ ከፊደሉ አጠገብ ሳይሆን በፊደሉ ውስጥ ያለበትን ይምረጡ። ኤስ ራሱ እባብ ሆኖ ቢሣል ልጁ ቅርጹን ባየ ቁጥር የእባቡ «ስስስ» ይመጣለታል። አጠገቡ የተቀመጠ ሥዕል ግን ሲነሣ ትውስታውንም ይዞ ይሄዳል።

ወርክሺት ላይ መስመር አስምሮ ማዛመድ የተለመደ ነው፤ ድክመቱ ግን ብዙ ጊዜ አይታይም። አራት ሥዕልና አራት ፊደል ካለ፣ ሦስቱን ያወቀ ልጅ አራተኛውን ሳያውቅ ያገኘዋል። ጥንድ የሌለው አንድ ተጨማሪ ፊደል ከታች ይጻፉበት፤ ያኔ ወርክሺቱ እውነቱን ይነግርዎታል።

አፕን በሦስት ደቂቃ መመዘን ይቻላል። ቢን ይንኩትና ምን እንደሚል ያዳምጡ፦ «ቢ» ብቻ ካለ ስም አስተማሪ ነው፤ «በአ» ካለ ድምፁን ያበላሻል። ከዚያ ሆን ብለው እየተሳሳቱ ዝም ብለው ይነካኩት፤ ያለ ዕውቀት በመነካካት ብቻ ሽልማትና ጭብጨባ የሚሰጥ ከሆነ ይተዉት።

ለየትኛው ልጅ የቱ?

የ3 ዓመት ልጅ፦ የጆሮ ጨዋታ፣ ሁለት ፊደል፣ የሚጨበጥ ዕቃ። ከዚህ በላይ አያስቸኩሉት። የ4 ዓመት ልጅ፦ አምስቱን መነሻ ፊደላት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ምርጫ እያሳደጉ። «‹ም› የሚለውን ስጠኝ» ማለት «ይህ ምን ይላል?» ከማለት ይቀልላል፤ የመጀመሪያውን ሳይጠግብ ወደ ሁለተኛው አይለፉ። የ5 እና የ6 ዓመት ልጅ ፈጣን ዙር ይችላል፤ እዚያ ላይ ስሞሉም ይጨመራል፣ ሦስት ድምፅ አገጣጥሞ ማንበብም ይጀመራል።

ስሙን ብቻ በቃሉ ሸምድዶ የመጣ ልጅ ካለ ስሙን አያስረሱት፤ ከ8ቱ የዋህ ፊደላት ይጀምሩና «ስሙ ሲጀምር ምን ሰማህ?» ይበሉት። «ር»ን ወይም «ስ»ን ገና አጥርቶ መጥራት ያልቻለ ልጅ ደግሞ ማዛመድ አይችልም ማለት አይደለም። እርስዎ ድምፁን ይጥሩለት፣ እሱ በጣቱ ያመልክት፤ ጆሮው ከምላሱ ቀድሞ ሊበስል ይችላል። ሳምንታት አልፈው በጆሮ ጨዋታው እንኳ የማይለይ፣ ከኋላው ሲጠሩት ብዙ ጊዜ የማይዞር ልጅ ከሆነ ግን ዘዴ መቀያየሩን ትተው ጆሮውን በሐኪም ያስመርምሩት።

ልጁ አንድ ፊደል ያውቃል የምለው ሥዕሉ ተነሥቶ፣ ተራው ተደበላልቆ፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት ሳያመነታ ሲመልስልኝ ነው። በአንድ ቁጭታ አሥር ጊዜ ትክክል መመለሱን አልቆጥረውም፤ ያ የዚያች ሰዓት ትውስታ ነው። በሦስተኛው ቀን ያመነታበትን ፊደል ወደ ቅርጫቱ ይመልሱና አብሮት የነበረውን ዕቃ በሌላ ይቀይሩለት፤ ለኤስ ሳሙናውን አውጥተው ሳጥን ያስገቡ።